ከሐቫና የገዛሁት የኮሂባ ሣጥን እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ?

መንገደኛው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ሐቫና ሄጄ ስመለስ 25 ሲጋሮች ያሉበት አንድ የ«ኮሂባ ኤስፕሌንዲዶስ» ሣጥን (ኮሂባ የታወቀ የኩባ ሲጋር ስም ነው፣ ኤስፕሌንዲዶስ ከዓይነቶቹ አንዱ) ይዤ መጥቻለሁ፤ ነገር ግን እውነተኛነቱን መጠራጠር ስለ ጀመርሁ ነገሩን የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። የገዛሁት ከሱቅ አይደለም። ካፒቶሊዮ ከሚባለው የከተማው ትልቅ ሕንጻ ጀርባ ስዘዋወር ያነጋገረኝ አንድ ሰው እኅቱ የሲጋር ፋብሪካ ሠራተኛ እንደሆነች፣ ለሠራተኞች በየወሩ ጥቂት ሣጥን በድርሻ እንደሚታደል፣ ይህንንም በማኅበራቸው በኩል በቅናሽ መሸጥ የሚፈቀድላቸው በዚያ ዕለት ብቻ እንደሆነ ነግሮኝ ወደ አንድ መኖሪያ ቤት ወሰደኝ፤ እኔም ሌላ ቦታ ዋጋ ሳልጠይቅ 90 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርኋችሁ። አጎቴ በ1970ዎቹ በደርግ ዘመን ወደ ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነው። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ግማሽ ቀን እየተማረ፣ ግማሽ ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ እየሠራ አድጓል፤ ዛሬም ስፓኒሽ ሲሰማ ፊቱ ይበራል። በሚቀጥለው ወር 60 ዓመት ይሞላዋል፤ ሣጥኑንም ያሰብሁት ለዚያ ቀን ነበር። ያደገበትን አገር እንዲህ ለሚወድ ሰው ሐሰተኛ ነገር ማበርከት አልፈልግም።

ያስተዋልሁትን ልግለጽላችሁ። በሣጥኑ ላይ አረንጓዴው የመንግሥት ማኅተም ተለጥፏል፤ ቁጥር አለው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ግን አላየሁበትም። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም የተመታ ሲሆን ጣቴን አርጥቤ ስነካው ለቀቀ። ክዳኑን ስከፍተው ሲጋሮቹ በመልክ አይመሳሰሉም፤ አንዳንዱ ጥቁር ቡናማ ነው፣ አንዳንዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ የወረቀት ቀለበቶቹም አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ ተጠምጥሟል። አንዱን ለኩሼ ነበር፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ መረረኝ፣ ግማሽ ሳላደርስም ራሴን አዞረኝ። ለሲጋር አዲስ በመሆኔ ጥፋቱ የእኔ ይሁን የሲጋሩ መለየት አልቻልሁም። ሣጥኑ ፎርጅድ ስለመሆኑ እርግጠኛ መሆን የምችለው እንዴት ነው? ለወደፊቱስ እውነተኛውን ከየት ልግዛ?

የሱቅ ሰው

ወንድሜ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ በሚገኝ የትምባሆ ሱቅ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሣጥን ይዘው የመጡ ደንበኞችም ብዙ አይቻለሁ። በጻፉት ብቻ ተመርኩዤ ሣጥኑ ፎርጅድ ነው ለማለት አላመነታም፤ ምክንያቱን ደግሞ በዝርዝር ላስረዳዎት፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በሌላ ቀን ሌላ ሣጥን ሲያጋጥመው በራሱ መፍረድ ይችላልና።

የማኅበሩ ታሪክ በሐቫና ጎዳናዎች ለእንግዳ ሁሉ የሚነገር የቆየ ታሪክ ነው፤ «ዛሬ ብቻ» የሚለው ቃልም እርስዎ ዋጋ ሳይጠይቁ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ነው። ኤስፕሌንዲዶስ ከኩባ ሲጋሮች ሁሉ በብዛት ፎርጅድ ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። የኮሂባ ዋጋ በየአገሩ ይለያይ በነበረበት ዘመን እንኳ 25 ሲጋር በ90 ዶላር ማግኘት አይቻልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚሸጠው ሀባኖስ ኩባንያ የኮሂባንና ትሪኒዳድ የሚባለውን የሌላውን ውድ ሲጋር ዋጋ በዓለም ዙሪያ ወደ አንድ ከፍተኛ ደረጃ ካወጣው በኋላ ደግሞ የዚህ ሣጥን ዋጋ ከ1000 ዶላር እጅግ በላይ ሆኗል፣ በሐቫና ሱቆችም ጭምር። ስለዚህ ማኅተሙን ከማየትዎ በፊት ዋጋው ራሱ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ወደ ሣጥኑ እንምጣ። አረንጓዴው ማኅተም ረጅም ዕድሜ ያለው ነገር ነው፤ ለኩባ ሲጋር የዋስትና ማኅተም መለጠፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1889፣ ገና በስፔን አገዛዝ ዘመን ነበር። ከ2010 ጀምሮ ግን ማኅተሙ ሆሎግራም (ሲያዘነብሉት የሚያብረቀርቅ ምስል) እና ባርኮድ እንዲኖረው ተደርጓል። እርስዎ የሚያብረቀርቅ ነገር አላየሁበትም ብለዋል፤ በቅርብ ዓመታት ተመረተ የተባለ ሣጥን ሆሎግራም ከሌለው ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ባርኮዱ ሥር ያለውን ቁጥር በሀባኖስ ድረ ገጽ ማስገባትና ማረጋገጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ፎርጅድ ሠሪዎች የአንድን እውነተኛ ሣጥን ቁጥር በብዙ ሣጥን ላይ ስለሚያትሙ ድረ ገጹ «ትክክል ነው» ስላለ ብቻ አይተማመኑ። ቁጥሩ ካልታወቀ ሐሰት ነው፤ ከታወቀ ግን ምርመራው ይቀጥላል። ከማኅተሙ ሌላ፣ ከ1994 ወዲህ በሣጥኑ አንድ ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሚለጠፍ «ሀባኖስ» የሚል ወረቀት አለ፤ ይህም የምርቱን መገኛ የሚያመለክት ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የምመለከተው የሣጥኑን ሥር ነው። «ሀባኖስ ኤስ.ኤ.»፣ «በኩባ የተሠራ» እና «ሙሉ በሙሉ በእጅ» የሚሉት የስፓኒሽ ጽሑፎች በጋለ ብረት እንጨቱ ውስጥ የተተኮሱ ናቸው፤ ጣት ሲያልፍባቸው ጉድጓዱ ይታወቃል፣ በውኃም አይለቁም። በቀለም የሚመታው የፋብሪካው ምሥጢራዊ መለያና የተመረተበት ወርና ዓመት ብቻ ነው። ወሩም በስፓኒሽ ያጥራል፤ ጥር ከሆነ «ኤኔሮ» ከሚለው፣ ነሐሴ ከሆነ «አጎስቶ» ከሚለው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ይጻፋሉ። የእርስዎ ዋናው ጽሑፍ በቀለም ተመትቶ በምራቅ የሚለቅ ከሆነ፣ የሠራው ሰው ማኅተሙን ለማስመሰል የደከመውን ያህል በሥሩ አልደከመም ማለት ነው። ክዳኑ መስታወት ወይም ፕላስቲክ የሆነ የኮሂባ ሣጥን ካጋጠመዎት ደግሞ ሌላ ምንም ሳይመረምሩ ይተዉት፤ እንዲህ ያለ ኮሂባ ከፋብሪካ ወጥቶ አያውቅም።

ስለ ሲጋሮቹ መልክ የጻፉት ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ በማስተዋልዎ ደስ ብሎኛል። በፋብሪካ ውስጥ ሲጋሮችን በቀለም መለየት ብቻ ሥራቸው የሆኑ ሰዎች አሉ፤ የአንድ ሣጥን ሲጋሮች በሙሉ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖራቸው ይመርጣሉ፣ ከዚያም ጥቂት ጠቆር ያለውን ከግራ፣ ፈካ ያለውን ወደ ቀኝ እየደረደሩ ያስቀምጣሉ። ቀለበቱም በአንድ ቁመት ላይ ይውላል፣ ፊቱም ወደ ላይ ይመለከታል። የኮሂባ ቀለበት ጽሑፍ ከወረቀቱ ከፍ ያለ ስለሆነ በጣት ይዳሰሳል፣ ነጫጮቹ ካሬዎችም ጥርት ብለው የተቆረጡ ናቸው። በማስመሪያም መለካት ይቻላል፤ ኤስፕሌንዲዶስ 178 ሚሊሜትር ርዝመት ሲኖረው ውፍረቱ 47 ይባላል፣ ይህም በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ የሚቆጠር ሲሆን 18.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል።

ከየት ልግዛ ላሉት፣ ከሻጩ ይጀምሩ፤ ሣጥኑ ሁለተኛ ነው። ሀባኖስ በየአካባቢው አንድ ብቸኛ አከፋፋይ አለው፤ ለጀርመን ፊፍዝ አቬኑ፣ ለብሪታንያ ሀንተርስ ኤንድ ፍራንካው፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ፊኒሺያ ነው። ከእነዚህ ዕቃ የሚረከብ ሱቅ፣ ወይም «ላ ካሳ ዴል ሀባኖ» የሚለውን ስም በፈቃድ የሚጠቀም ሱቅ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ችግር ሲኖርም ተጠያቂ ይሆናል። በሐቫናም እንዲህ ያሉ ሱቆች አሉ፤ እርስዎ ከቆሙበት ከካፒቶሊዮ አጠገብ በቀድሞው የፓርታጋስ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ አንዱ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። የኩባ ጉምሩክም ከተወሰነ ቁጥር በላይ ለሆነ ሲጋር የሱቅ ደረሰኝ ስለሚጠይቅ፣ በአየር ማረፊያ ባለመወረሱ ዕድለኛ ነዎት።

የፒናር ተማሪ

ልጄ፣ የሱቅ ሰው ስለ ወረቀቱ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ቅጠሉ ልጨምር። በኩባ ምዕራብ ባለው ፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ እርሻ ሳጠና በዕረፍት ጊዜያችን ወደ ሳን ሁዋን ኢ ማርቲኔስና ወደ ሳን ሉዊስ የትምባሆ ማሳዎች እንወሰድ ነበር፤ ቩዌልታ አባሆ የሚባለው፣ የኩባ ምርጥ ቅጠል የሚበቅልበት አፈር ያ ነው።

ገበሬው በመስከረምና በጥቅምት ዘሩን በመደብ ላይ ይዘራል፣ ችግኙ ሲጠነክር ወደ ማሳ ያዛውረዋል፣ ከጥር ጀምሮ ደግሞ ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ ጥንድ ጥንዱን እየለየ በተለያየ ቀን ይለቅማል። ለውጭ ሽፋን የሚሆነው፣ እነርሱ ካፓ የሚሉት፣ በስስ ነጭ ጨርቅ ድንኳን ሥር ከፀሐይ ተከልሎ ያድጋል፤ ለዚህ ነው ለስላሳና ደም ሥሩ የማይጎላ የሚሆነው። ከዚያ ቅጠሉ በመርፌና በክር ተሰፍቶ በረጃጅም እንጨት ላይ ይሰቀልና በሣር ክዳን ጎተራ ውስጥ 50 ቀን ያህል ይደርቃል፣ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል፣ ተመርጦ ደግሞ እንደገና ይብላላል። የመጀመሪያው ክምር ሲገለጥ የሚወጣው የአሞኒያ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ለኮሂባ የሚመረጡት ሴኮና ሊጌሮ የሚባሉት ቅጠሎች ከዚህም በኋላ በበርሜል ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ይብላላሉ፤ ኮሂባን ከሌሎቹ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው።

እንግዲህ አንተን ያዞረህ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ፎርጅድ ሠሪ ዓመታት የመጠበቅ አቅም የለውም። በደንብ ያልተብላላ ቅጠል አሞኒያውን ይዞ ይቀራል፣ ምሬቱም ከመጀመሪያው ስበት ይጀምራል፣ ወደ አረንጓዴ ማድላቱም አለመብሰሉን ያሳያል። ይሁን እንጂ በባዶ ሆድ ካጨስህ፣ ወይም እንደ ሲጋራ ወደ ሳንባህ ከሳብኸው፣ እውነተኛውም ቢሆን ያዞርሃል። ሲጋር በአፍ ውስጥ ተይዞ ይለቀቃል እንጂ አይዋጥም፤ በደቂቃ አንዴ ቢሳብ ይበቃል፣ አዘውትሮ መሳብ ቅጠሉን አግሎ መራራ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ሦስተኛ እጅ የሚታየው ጣዕም የእንጨትና የለውዝ ዓይነት ቀለል ያለ ሲሆን ወደ ኋላ እየከበደ ይሄዳል፤ ይህን ለውጥ እየተከተሉ መቀመጥ ነው ደስታው። ከይርጋ ጨፌ ይልቅ በደንብ የተቆላ የሐረር ቡና አብሮት ይሄዳል እላለሁ፤ የይርጋ ጨፌው አበባማነት በጭሱ ሥር ይጠፋል።

አንዱን መሥዋዕት አድርገህ በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቀው። በትክክል በተጠቀለለ ኤስፕሌንዲዶስ ውስጥ ትሪፓ የሚባሉት የውስጥ ቅጠሎች እንደ ሲጋሩ ርዝመት ሙሉ ሆነው፣ አየር እንዲያሳልፉ በየመካከላቸው እጥፋት ተትቶላቸው ታገኛለህ። ቁርጥራጭና የመሬት ጥራጊ ካገኘህ ሌላ ምስክር አያስፈልግህም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ቁርጥራጭ ቅጠል በራሱ የሐሰት ምልክት አይደለም፤ ኩባ ራሷ እንደ ሆሴ ኤል. ፒየድራ ያሉ ርካሽ ሲጋሮችን በአጭር ቅጠል ሠርታ በግልጽ ትሸጣለች። ገበሬውም ከምርቱ አብዛኛውን ለመንግሥት አስረክቦ ከቀረው ለራሱ ይጠቀልላል፤ ያለ ቀለበት፣ ያለ ሣጥን ሲያቀርብልህ ማንንም አላታለለም። ሐሰት የሚሆነው የሌላ ስም ሲለጠፍበት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

በአሜሪካ ለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1962 ጀምሮ በኩባ ላይ በተጣለው ማዕቀብ ምክንያት የኩባ ሲጋር እዚህ በሕጋዊ መንገድ አይሸጥም። በ2016 ተጓዦች ለግላቸው ይዘው እንዲገቡ ተፈቅዶ ነበር፤ በመስከረም 2020 ግን ከሦስተኛ አገር የተገዛውም ጭምር እንደገና ተከልክሏል። ስለዚህ በመኪና ኮፈን ወይም በፌስቡክ «ኦሪጅናል ኩባ» እያለ የሚሸጥ ሰው ቢበዛ ኮንትሮባንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ፎርጅድ ነው የያዘው።

ግራ የሚያጋባው ነገር እዚህ በሱቅ በግልጽ የሚሸጥ ሌላ ኮሂባ መኖሩ ነው። ይህ በስሙ መካከል ባለው ክብ ፊደል ውስጥ ቀይ ነጥብ ያለው ሲሆን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይሠራል፤ በስሙ ባለቤትነት ላይም ሁለቱ ወገኖች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሕግ ሲከራከሩ ኖረዋል። ፎርጅድ አይደለም፣ የኩባ ኮሂባም አይደለም። እኔ በግሌ ከአጠራጣሪ ኩባ ይልቅ የኒካራጓውን ፓድሮን እመርጣለሁ፤ የ1964 መታሰቢያ የተባለው ዓይነት ፎርጅድን ለመከላከል በእያንዳንዱ ሲጋር ላይ የየራሱ ቁጥር ያለው ሁለተኛ ቀለበት አለው።

መንገደኛው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አንዱን በምላጭ ሰነጠቅሁት። የውጭ ሽፋኑ ሙሉ ቅጠል ነበር፤ ውስጡ ግን ተሰባብሮ የተጠቀጠቀ ቁርጥራጭ፣ በመካከሉም እንደ ክብሪት እንጨት የደረቁ ግንዶች ነበሩበት። ሁለተኛውንም ከፈትሁ፤ ያው ነው። በማስመሪያ ስለካው 178 ሳይሆን 171 ሚሊሜትር ወጣ። ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ የለኝም፤ የቀሩትንም ለማንም ሳልሰጥ እጥላቸዋለሁ፣ ሌላ ሰው እጅ ገብተው እንደገና እንዲሸጡ አልፈልግም።

ለአጎቴ ሌላ ነገር ማዘጋጀት አለብኝ። የሥራ ባልደረባዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ በፍራንክፈርት በኩል ትመጣለች፤ ከሕጋዊ ሱቅ እንድትገዛልኝ ብጠይቃት ምን ትመክሩኛላችሁ? ሙሉ ሣጥን የመግዛት አቅም እንደሌለኝ አስቡልኝ። ልደቱ እስኪደርስ አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት ላስቀምጠው? አሁን በጋ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው።

የሱቅ ሰው

ሙሉ ሣጥን አያስፈልግዎትም። ሕጋዊ ሱቅ በፍሬ ይሸጥልዎታል፤ ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 ሦስት ፍሬ ይግዙለት። 129 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 42 ውፍረት ያለው መካከለኛ ሲጋር ነው፣ ዋጋው ከኮሂባ ጋር አይወዳደርም፣ ከኩባ ሲጋሮች መካከልም ለብዙ ዓመታት እጅግ ከሚሸጡት አንዱ ሆኖ ኖሯል። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ እርስዎም አንዱን ከአጎትዎ ጋር ሲያጨሱ የእውነተኛ ቅጠል ጣዕም ምን እንደሚመስል አፍዎ ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ ፎርጅድን በመጀመሪያው ስበት ያውቁታል። ሲጋር ወደ ሳንባ ባይገባም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር እንደሚያመጣ ግን ለደንበኞቼ ሁሉ እናገራለሁ፤ ለበዓል የሚነሣ ነገር እንጂ የዕለት ልማድ አይሁን።

ለማስቀመጥ ሁሚዶር የሚባለውን፣ እርጥበት የሚጠብቅ ውድ የእንጨት ሣጥን አይግዙ። በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ይውሰዱ፣ ሲጋሮቹን ከእርጥበት ማመጣጠኛ ከረጢት ጋር ያስገቡ፤ 65 ወይም 69 ከመቶ የሚለውን ባልደረባዎ ከዚያው ሱቅ ትግዛልዎት። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ለሲጋር ተስማሚ ነው፤ የትምባሆ ጢንዚዛ እንቁላል የሚፈለፈለው ሙቀቱ ወደ 24 ዲግሪ ሲጠጋና ሲያልፍ ስለሆነ ከመስኮትና ከምድጃ ያርቁት። አደጋው ድርቀቱ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ክፍት የተተወ ሲጋር በቀናት ውስጥ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። የእርጥበት መለኪያ ካለዎት በትንሽ ክዳን ውስጥ ጨው በጥቂት ውኃ አርጥበው ከመለኪያው ጋር በታሸገ ከረጢት ለአንድ ሌሊት ያቆዩት፤ ጠዋት 75 ማሳየት አለበት፣ ከዚያ ካነሰ ወይም ከበዛ ልዩነቱን አስታውሰው ንባቡን በዚያ ያርሙ።

የፒናር ተማሪ

ሞንቴክሪስቶው መልካም ምርጫ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክል ሬስቶራንት ከሆነ የምታከብሩት ወደ ውጭ ውጡ፤ ግቢ ውስጥ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ማዕዘን ቢሆን ይሻላል። ጫፉን ስትቆርጥ ከጭንቅላቱ ላይ ያለችውን ክዳን ብቻ አንሣ፣ ከዚያ በታች ከወረድህ ሽፋኑ ይተረተራል። ስትለኩስም ነበልባሉን አታስነካው፤ ከሥሩ ትንሽ አርቀህ ዙሪያውን እያዞርህ አሙቀው፣ እኩል ሲፍም ያኔ ሳበው። ሽቶ ያለበት ጋዝ ላይተርና ሻማ አትጠቀም፣ ሽታቸው ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ረጅም የክብሪት እንጨት ይበቃሃል፣ ድኙ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ግን ጠብቅ።